«ማን ጠየቃቸው?» የእኛ ምስል በክርስቲያን ሚዲያ ማስታወቂያ፣ ከ1860 እስከ ዛሬ

ባለፈው ክረምት በቤተሰባችን ዋትሳፕ ላይ አንድ አጭር ቪዲዮ ተላከ። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ከአውሮፕላን ወርደው፣ ተንበርክከው መሬት ይስማሉ። ከኋላ ቫዮሊን ይሰማል። ቀጥሎ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ስለ ነቢያት ትንቢት ይናገራል። መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥርና በክሬዲት ካርድ የሚከፈልበት ገጽ ይመጣል። የአንድ ክርስቲያን ድርጅት ማስታወቂያ ነበር። እኔ የልብ ምልክት ልኬ ላልፈው ስል አክስቴ በድምፅ መለሰች፦ «ውይ! እኚህማ የእነ እንትና እናት ናቸው እኮ! ጎንደር ጎረቤታችን ነበሩ። ለመሆኑ ማን ጠየቃቸው?»

ማንም አልጠየቃቸውም። ማስታወቂያ ላይ መውጣታቸውን የሰሙት ከእኛ ነው። አልተቆጡም፤ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን «ታዲያ ገንዘቡ ለማን ሄደ?» አሉ።

እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝ። እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች፣ የአክስቴና የእሳቸው፣ ከራሴ አልወጣ አሉኝ። ወደ ኋላ ሄጄ ሳነብ ነገሩ በዋትሳፕ እንዳልተጀመረ አየሁ። የቤተ እስራኤል ታሪክና ምስል በክርስቲያን ሚዲያ ገንዘብ መሰብሰቢያ ከሆነ ከ160 ዓመት በላይ አልፎታል። የታሪኩን አንድ ጫፍ ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ ጥቂት ደቂቃ በእግር መሄድ ይበቃል። (ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ከኢትዮጵያ መንገድ ወደ ነቢያት መንገድ

ርሖብ ኤትዮፒያን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጠባብ መንገድ ነው፤ በግራም በቀኝም የድንጋይ አጥር። በአንዱ በር ስትገቡ ክቡ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ይታያል። ሥራው በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1893 አለቀ። የዕብራይስጥን ቋንቋ ለዕለት ንግግር የመለሰው ኤሊዔዘር ቤን ዬሁዳም እዚሁ መንገድ ላይ ኖሯል።

ከዚያ ወጥታችሁ በነቢያት መንገድ፣ በርሖብ ሀኔቪኢም፣ ትንሽ ስትሄዱ በትልቅ ግቢ ውስጥ የቆመ የድንጋይ ሕንፃ ታገኛላችሁ። ዛሬ የአንግሊካን ትምህርት ቤት ነው። በ1897 ሲሠራ ግን ሆስፒታል ነበር። ያሠራው በ1809 ለንደን ውስጥ የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ ዓላማው በአይሁዶች መካከል ክርስትናን ማስፋፋት ስለነበር በአጭሩ «የለንደን ማኅበር» እለዋለሁ። ማኅበሩ በኢየሩሳሌም ድሆች አይሁዶችን ያክም ነበር፤ ረቢዎች ደግሞ ሰው ወደዚያ እንዳይሄድ ይከለክሉ ነበር። ምክንያቱም ከመድኃኒቱ ጋር ስብከት አብሮ ይመጣል።

ወደ እኛ የሚያመጣን ነገር እዚህ ላይ ነው። ሄንሪ አሮን ስተርን የተባለውን ሚሲዮናዊ በ1860 ወደ ጎንደር፣ ወደ ቤተ እስራኤል መንደሮች የላከው ይኸው ማኅበር ነው። ስተርን ጀርመን አገር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ በኋላ ክርስትናን የተቀበለ ሰው ነበር።

በዚያን ጊዜ በኢየሩሳሌም የነበረው የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባትም ኢትዮጵያን በደንብ ያውቃታል። በ1830ዎቹ እዚያ ሚሲዮናዊ ሆኖ በአማርኛ የታተሙ ወንጌሎችን ሲያድል ኖሯል። ያንን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ አማርኛ የተረጎመው አቡ ሩሚ የተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው፤ ሥራውን የሠራው ካይሮ ላይ ነው። የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር የእጅ ጽሑፉን ገዝቶ ወንጌሎቹን በ1824፣ ሙሉውን በ1840 አሳተመ። ጎባት ከ1846 እስከ 1879 በኢየሩሳሌም ጳጳስ ሆኖ ሳለ፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢትዮጵያ የእጅ ሥራ የሚያውቁ ሚሲዮናውያንን ላከ። ከእነሱ አንዱ ዮሐን ማርቲን ፍላድ ነው፤ ዕድሜውን በሙሉ ማለት ይቻላል በቤተ እስራኤል ጉዳይ ላይ አሳለፈ። ስለዚህ አያቶቻችን ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው ሲጸልዩ፣ በሌላ በኩል ኢየሩሳሌም ውስጥ ሆነው ወደ እነሱ የሚያዩ ሰዎች ነበሩ።

መጽሔቱ እንዴት ይሠራ ነበር?

ሚሲዮን ገንዘብ ይፈልጋል። ለመርከብ፣ ለበቅሎ፣ ለደመወዝ፣ ለመጽሐፍ። የለንደን ማኅበር ይህን ገንዘብ የሚያገኘው ከመንግሥት ሳይሆን በየደብሩ ካሉ ተራ እንግሊዛውያን ነበር። እነሱን የሚያገኛቸው በስብከት፣ በስብሰባና «ጁዊሽ ኢንተለጀንስ» በሚባል መጽሔት ነው።

ጊዜው ለመጽሔት የተመቸ ነበር። እንግሊዝ አገር በማስታወቂያ ላይ የነበረው ቀረጥ በ1853፣ በጋዜጣ ላይ የነበረው በ1855፣ በወረቀት ላይ የነበረው በ1861 ተነሳ። የኅትመት ዋጋ ወረደ፤ ጋዜጣና መጽሔት በየቤቱ ገባ። ሳሙናና ሻይ የሚያስተዋውቀውም፣ ለሚሲዮን የሚለምነውም በዚሁ ርካሽ ወረቀት ላይ ይጻፍ ጀመር።

በዘመኑ የሚሲዮን መጽሔቶች አሠራር ተመሳሳይ ነው። ሚሲዮናዊው ከሩቅ አገር ደብዳቤ ይጽፋል። አዘጋጁ ልብ የሚነካውን ክፍል መርጦ ያወጣል። ኋላ ላይ የሰጪዎች ስም ከነገንዘቡ መጠን ተዘርዝሮ ይታተማል፤ ይህች ወይዘሮ ይህን ያህል ሽልንግ፣ ያ ደብር ይህን ያህል ፓውንድ። ልብ በሉ፤ የሰጪው ስም በሙሉ ይጻፋል፤ የሚሰጥለት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ «አንድ ፈላሻ»፣ «አንዲት ምስኪን መበለት» ነው። (ይህ ቃል ለእኛ ስድብ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ያኔ የሚጽፉት እንደዚያ ነበር።) ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። እዚያ መጽሔት ላይ ከመቃብር በላይ የዋለው የከፋዩ ስም ነው።

አንባቢው ምን ገዛ ታዲያ? ዕቃ አልገዛም። የገዛው ስሜት ነው፤ «በትንሽ ገንዘቤ በትልቅ ታሪክ ውስጥ ገባሁ» የሚል ስሜት። ይህ ስሜት በየወሩ እንዲታደስ ደግሞ በየወሩ አዲስ ምስኪን ያስፈልጋል። የጠገበ፣ የሚከራከር፣ «አልፈልግም» የሚል ሰው ለመጽሔቱ አይመችም።

የሚገርመው፣ የሚከራከሩት ሰዎች ጽሑፉ ውስጥ አሉ። ስተርን ከቤተ እስራኤል ቄሶች ጋር ያደረገውን ክርክር ራሱ መዝግቧል። ሊያሳይ የፈለገው የእሱን መልስ ነበር። እኛ ዛሬ ስናነበው ግን በኦሪታቸው የቆሙ፣ ለፈረንጅ እንግዳ ጥያቄ የሚመልሱ ሰዎች እናያለን።

የኮሶው ነገር

ማስታወቂያ የተጻፈለት ሰው እንጂ የተጻፈበት ሰው አያነበውም ተብሎ ይታሰባል። አንድ ጊዜ ግን የተጻፈበት ሰው አነበበው።

ስተርን በ1862 ስለ ጉዞው መጽሐፍ ለንደን ላይ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የዐፄ ቴዎድሮስ እናት በድህነት ምክንያት ኮሶ ይሸጡ ነበር የሚለውን ወሬ አስገባ። ለለንደን አንባቢ ይህ ጥሩ ታሪክ ነው፤ የድሃ ልጅ ነገሠ። ከሰሎሞን ዘር ነኝ ለሚለው ንጉሥ ግን የእናት ስድብ ነው። ስተርን ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ ሳለ በጥቅምት 1863 ከንጉሡ ጋር ተጣላ። ክፉኛ ተደበደበ፤ አብረውት የነበሩ ሁለት አገልጋዮቹ ከድብደባው የተነሣ ሞቱ። ከዚያ ወረቀቶቹና መጽሐፉ ተመረመሩ፤ የተጻፈው ለንጉሡ ተተርጉሞ ተነበበ። ስተርን በሰንሰለት ታሰረ። የተፈታው በሚያዝያ 1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ ሲደርስ ነው።

ቴዎድሮስ ያደረጉትን ትክክል ነው አልልም፤ የሁለቱ አገልጋዮች ደም በከንቱ ፈሷል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ለንደን ውስጥ ለገበያ የተጻፈች አንዲት መስመር ጎንደር ስትደርስ ሰውን ለሰንሰለት ካበቁት ነገሮች አንዷ ሆነች። ጽሑፍ ይጓዛል። ዛሬ ቴክሳስ ላለ ሰው የተሠራው ቪዲዮ የአክስቴ ስልክ ላይ እንደደረሰው ማለት ነው።

በእኛ ሰዎች ላይስ ምን ደረሰ?

ዐፄ ቴዎድሮስ ለሚሲዮናውያኑ የፈቀዱት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ የተለወጠው ሰው የሚጠመቀው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የተጠመቁት ብዙ አልነበሩም፤ ቤተሰብ ለመክፈል ግን ጥቂትም ይበቃል። በ1862 አባ ማሃሪ የተባሉ መነኩሴ ሕዝቡን አስነሥተው በእግር ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ ጀመሩ። ትግራይ ሲደርሱ ብዙዎቹ በረሃብና በበሽታ አለቁ። ተመራማሪዎች ለዚህ ጉዞ ብዙ ምክንያት ይሰጣሉ፤ የሚሲዮኑ ግፊት አንዱ ነው። ከዚያ ከ1888 እስከ 1892 ክፉ ቀን መጣ። ከብት አለቀ፣ ሰው አለቀ፤ ከተረፉትም ብዙዎች ለመኖር ሲሉ ሃይማኖታቸውን ለወጡ። የእነዚህን ሰዎች ልጆች አትርሷቸው፤ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

የአይሁድ ዓለም መልስ

የሚሲዮኑ መጽሔቶች ያላሰቡት ውጤትም ነበራቸው። አውሮፓ ያሉ አይሁዶች አነበቧቸው። በ1864 ረቢ ዓዝሪኤል ሂልደስሃይመር በአይሁድ ጋዜጦች ላይ «እነዚህ ወንድሞቻችን ናቸው፤ ለሚሲዮን አንተዋቸው» የሚል ጥሪ አወጣ። በ1867 ዮሴፍ ሃሌቪ ከፓሪስ ተልኮ ኢትዮጵያ ገባ። መንደሮቹ ሲደርስ መጀመሪያ አላመኑትም፤ ሌላ ሚሲዮናዊ መሰላቸው። ነጭ አይሁድ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል? ኢየሩሳሌምን ሲጠራ ነው ልባቸው የተከፈተው።

ከዚያ ያዕቆብ ፋይትሎቪች መጣ። በ1904 ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያ ሄደ፤ ከዚያም በአውሮፓና በአሜሪካ የእርዳታ ኮሚቴዎችን አቋቋመ። መሣሪያዎቹ ከሚሲዮኑ ብዙም አይለዩም፤ ንግግር፣ ሪፖርት፣ የእርዳታ ጥሪ። ልዩነቱ ይዟቸው የሄደው ወጣቶች ናቸው። ታምራት አማኑኤልን አሥመራ ያገኘው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲማር ነው። ታምራት ፓሪስና ጣሊያን ተምሮ፣ በኋላ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መራ፤ ራሱ ጻፈ፣ ራሱ ተናገረ። ስም ያለው ሰው ነው።

የእኛም ወገን ግን ከዚህ በሽታ ነጻ አይደለም። በኅዳር 1984 የተጀመረው የሙሴ ዘመቻ በጥር 1985 የቆመው ወሬው ጋዜጣ ላይ ስለወጣ ነው። ማውራት ያስደስታል፤ ሱዳን መጠለያ ውስጥ የቀሩት ሰዎች ግን የወሬውን ዋጋ ከፈሉ።

የአየር ሰዓት በገበያ

አሁን ወደ አሜሪካ እንሂድ፤ ምክንያቱም የአክስቴ ቪዲዮ የመጣው ከዚያ ባህል ነው። በአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ድሮ ለሃይማኖት ፕሮግራም የአየር ሰዓት በነጻ ይሰጡ ነበር፤ ለሕዝብ አገልግሎት ይቆጠርላቸዋል። በ1960 የብሮድካስት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የተሸጠ ሰዓትም እንደ ሕዝብ አገልግሎት ሊቆጠር እንደሚችል ወሰነ። ከዚያ በኋላ ጣቢያው በነጻ የሚሰጥበት ምክንያት አልነበረም። በ1959 ከሃይማኖት ፕሮግራሞች 53 በመቶ የሚሆኑት በተገዛ ሰዓት የሚተላለፉ ነበሩ፤ በ1977 92 በመቶ ደረሱ።

ሰዓቱን ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ገንዘቡ ከተመልካቹ መምጣት አለበት፤ ተመልካቹ እንዲሰጥ ደግሞ በየሳምንቱ ልቡ መነካት አለበት። የድሮው መጽሔት ቀመር ነው፤ አሁን ድምፅና ሙዚቃ ተጨመረበት። ሰባኪው ሻጭ፣ ምእመኑ ደንበኛ ሆነ።

በዚህ ገበያ ውስጥ እስራኤል ትልቅ ቦታ አላት። በ1980 ዓለም አቀፉ የክርስቲያኖች ኤምባሲ እዚሁ ኢየሩሳሌም ተከፈተ። በ1983 ረቢ የኺኤል ኤክስታይን በአሜሪካ የክርስቲያኖችና የአይሁዶች ወዳጅነት ድርጅትን አቋቋመ፤ እዚህ «ሀቄረን ለዬዲዱት» የምንለው ነው። ድርጅቱ በአሜሪካ ቴሌቪዥን በሚያስተላልፋቸው ረጃጅም የልመና ፕሮግራሞች ከክርስቲያን ተመልካቾች ብዙ ገንዘብ ሰብስቧል። ሁለቱም ድርጅቶች ለዓሊያ፣ ከኢትዮጵያ ለሚመጡትም ጭምር፣ ገንዘብ አውጥተዋል። በታኅሣሥ 2020 «ጹር እስራኤል» የተባለው ዘመቻ ሲጀመርና በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 2,000 ሰው ሲመጣ፣ ክርስቲያን ለጋሾች ከረዱት መካከል ነበሩ።

በእነዚያ አውሮፕላኖች የመጡት እነማን ናቸው? ብዙዎቹ ያኔ ሃይማኖታቸውን የለወጡት ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው፤ ራሳቸውን ዘረ እስራኤል የሚሉት። በ1860ዎቹ የክርስቲያን መጽሔት አያቶቻቸውን ለማጥመቅ ገንዘብ ለመነ። በ2020 የክርስቲያን ሚዲያ የልጅ ልጆቻቸውን ወደ እስራኤል ለማምጣት ገንዘብ ለመነ። ዓላማው ተገላብጧል። ማስታወቂያው ላይ ያለችው ሴት ግን ያው ናት፤ ነጠላ ለብሳ፣ ዝም ብላ፣ ስም ሳይኖራት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

እውነቱን እንነጋገር። ያ ገንዘብ የአውሮፕላን ትኬት ሆኗል። እዚህ ያለ ዘመዱን ለዓመታት የጠበቀ ሰው «ገንዘቡ ከማን መጣ?» ብሎ አይጨነቅም፤ እኔም አልፈርድበትም። የሰጡትም ሰዎች አብዛኞቹ ከልባቸው ነው የሰጡት። የዛሬዎቹን ድርጅቶች ከለንደን ማኅበር ጋር አንድ ማድረግም ስህተት ነው፤ ያኛው ሊያጠምቅ በግልጽ የተቋቋመ ነበር። በሌላ በኩል ከዚህ ገንዘብ መራቅ ይሻላል ያሉ ረቢዎች ነበሩ፤ እነሱም ያዩት የሆስፒታሉን ታሪክ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ማስታወቂያው ችግር ይሸጣል፤ ስለዚህ ችግረኛ ሆነን እንድንቀር ይፈልጋል። ቪዲዮው ሁልጊዜ አየር ማረፊያ ላይ ያልቃል። መርከዝ ቅሊታ ውስጥ ያለፈው ጊዜ፣ ሌሊት ፋብሪካ ሠርታ ልጆቿን ያስተማረች እናት፣ በ2015 አደባባይ የወጣው ወጣት፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጅ አይታዩም። ገንዘብ አያመጡማ! ከዚህ የከፋው ደግሞ ያንን ምስል እኛም ተቀብለን «እኛ የተረዳን ሰዎች ነን» ብለን ስናድግ ነው። ወላጆቻችን በእግር ሱዳን የገቡ ሰዎች ናቸው። መንገዱን የጀመሩት ማንም ትኬት ሳይገዛላቸው ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ አራት ነገር ጠይቁ። የሰውየው ወይም የሴትዮዋ ስም አለ ወይ? ፈቃድ ተጠይቀዋል ወይ? የሚናገሩት በራሳቸው ቋንቋ ነው ወይስ ሌላ ሰው ነው የሚናገርላቸው? ገንዘቡስ ለማን ይሄዳል? ድርጅት ውስጥ የምትሠሩ፣ ካሜራ የምትይዙ ካላችሁ ደግሞ ጥያቄው የእናንተም ነው። ፈቃድ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይጠየቅ፤ በማይገባ ዕብራይስጥ የተጻፈ ወረቀት ላይ ማስፈረም መጠየቅ አይባልም።

ለታሪክ ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። የስተርን መጽሐፍና የሚሲዮኑ መጽሔቶች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሉ። አድሏዊ ናቸው፤ ቢሆንም ስለ መንደሮቻችን የዚያን ዘመን ወሬ ይዘዋል። የመንደር ስም ይዛችሁ አያታችሁ ጋ ሂዱ። እነሱ ስም ያልጻፉለት ቦታ ላይ ምናልባት አያታችሁ ስም ያውቃሉ።

እኔም ከቪዲዮው በኋላ እኚያን እናት ልጠይቅ ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። ስማቸውን እዚህ ልጻፍ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ተዪው ልጄ፣ አንድ ጊዜ ይበቃል» አሉኝ። ስለዚህ አልጻፍኩትም። መሬቱን ሲስሙ ምን እያሉ እንደነበር ግን እንድነግራችሁ ፈቅደውልኛል። ስለ ትንቢት አልነበረም። በሱዳን መንገድ ላይ የቀረችውን እህታቸውን በስሟ እየጠሩ ነበር።